ደህና ነኝ እኮ!

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እንኳ አልሞላም። አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ፣ የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ክፍል ደጃፍ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ሞልቶ ቦታ ያጡት ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ጋቢ የደረቡ አባቶች፣ ነጠላቸውን ያጣፉ እናቶች፣ እናቷን ልታሳክም ከሥራ አስፈቅዳ የመጣች አንዲት ወጣት። ሁሉም ፌስታል ይዘዋል። ፌስታሉ ውስጥ ካርድና ያለቀ የክኒን ማሸጊያ፣ አንዳንዱ ጋ ደግሞ ለቁርስ የተቋጠረ ዳቦ አለ።

ተራቸው ደርሶ የገቡት እናት 72 ዓመታቸው ነው። ነርሷ ካርዳቸውን ገለጥ ገለጥ አድርጋ ቀና አለች።

«እማማ፣ መድኃኒቱን በደንብ እየወሰዱ ነው?»

«እንዴታ ልጄ!»

«ዛሬ ጠዋትስ ወስደዋል?»

እማማ ወደ ፌስታላቸው አዩ። «ዛሬ እንኳ አልወሰድኩም። ምን እዋሽሻለሁ፣ ከተውኩት ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ተሻለኛ! ራሴን አያመኝ፣ አያዞረኝ፣ እንቅልፌም ጥሩ ነው። ደህና ነኝ እኮ!»

ነርሷ አልተቆጣችም። ሹራባቸውን አስወለቀቻቸው፤ ጀርባቸውን ወንበሩ ላይ አስደግፋ፣ እግራቸውን መሬት አስረግጣ፣ ክንዳቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳርፋ «አሁን ትንሽ አረፍ ይበሉ፤ ወሬም የለም» አለቻቸው። ደቂቃዎች ቆይታ ስትለካቸው 182 በ84 ሆነ። ጥቂት አሳርፋ ደገመችው፤ 176 በ82። ቁጥሩን ጻፈችና ጮክ ብላ ነገረቻቸው። እማማ ቁጥሩ አላስደነገጣቸውም። የገረማቸው ሌላ ነገር ነው። «ይሄን ያህል ከወጣ ታዲያ ለምን አላመመኝም?»

የዋዛ ጥያቄ አይደለም። እማማ መድኃኒቱን የተዉት ቸልተኛ ሆነው አይደለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚያውቁት ሕመም ሁሉ አካሄዱ አንድ ነው፤ ያማል፣ ሰው ይታከማል፣ ይሻለዋል፣ መድኃኒቱን ይተዋል። ወባም ሳልም እንዲያ ነው። የደም ግፊት ግን በዚህ መንገድ አይሄድም። ዓመታት ሙሉ ሳያም ጉዳቱን ይሠራል። መድኃኒቱ ሲሠራም፣ ሲቋረጥም ለሕመምተኛው የሚሰማው ነገር የለም። የሚሰማው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያኔ ደግሞ ስትሮክ፣ የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ሥራ ማቆም ሆኖ ይመጣል። ራስ ምታትና ማዞር የግፊት መልእክተኛ ናቸው የሚለው እምነት በየቤታችን ሥር ሰዷል። እርግጥ ግፊት ከልክ በላይ ሲያሻቅብ ራስን ሊያም ይችላል፤ አብዛኛው ራስ ምታት ግን ከግፊት ጋር ዝምድና የለውም፣ አብዛኛው ከፍተኛ ግፊትም ራስ አያሳምም። ሰውነቱን አዳምጦ ግፊቱን የሚያውቅ ሰው የለም። የሚያውቀው የተለካ ሰው ብቻ ነው።

ያልተለካው ደግሞ ብዙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ከሆነ ሰዎች መካከል 1.3 ቢሊዮን ያህሉ የደም ግፊት አለባቸው። ከእነዚህ ግማሽ የሚጠጉት ሕመሙ እንዳለባቸው አያውቁም፤ ግፊቱን በሚገባ የተቆጣጠረው ከአምስቱ አንዱ ብቻ ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ባሉት ሰዎች ላይ 16 በመቶ ገደማ አግኝቷል። ይህ አኃዝ ወጣቱንም ያቀፈ ነው፤ በአዛውንቶች ዘንድ ችግሩ ከዚህ ይበልጣል።

ወደ እማማ ቁጥር እንመለስ። ላይኛው 182 ልብ ተጨምቃ ደም ስትረጭ በደም ቅዳ ቧንቧ ግድግዳ ላይ የሚያርፈው ኃይል ነው። ታችኛው 84 ደግሞ ልብ በሁለት ምት መካከል ስታርፍ የሚቀረው። መለኪያው ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የተባለው፣ ጣሊያናዊው ሐኪም ሺፒዮኔ ሪቫ ሮቺ እ.ኤ.አ. በ1896 ክንድ ላይ የሚጠመጠመውን መሣሪያ ሲሠራ ግፊቱን የሚያሳየው በቱቦ ውስጥ ከፍ ዝቅ የሚል ሜርኩሪ ስለነበር ነው። ሩሲያዊው ኒኮላይ ኮሮትኮፍ በ1905 ማዳመጫውን ከማሰሪያው በታች ክንድ ላይ አድርጎ ድምፁ የሚጀምርበትንና የሚጠፋበትን ለየ፤ ሁለቱንም ቁጥር በጆሮ መለካት የተቻለው ከዚያ ወዲህ ነው። ዛሬ በየፋርማሲው ያለው ባለ ባትሪ መሣሪያ ሜርኩሪ የለውም፤ የመለኪያው ስም ግን ቀርቷል። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ የሚሆን ሰው የደም ግፊት አለበት ይባላል። አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ2017 መስመሩን ወደ 130 በ80 አውርደውታል።

የእማማ ታችኛው ቁጥር ደህና ነው። ወደ ላይ የወጣው ላይኛው ብቻ ነው፤ የእርጅና ግፊት መለያውም ይኸው ነው። በወጣትነት ከልብ የሚነሣው ትልቁ ደም ቅዳ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፤ ልብ ስትረጭ ሰፋ ብሎ ኃይሉን ይቀበላል፣ ልብ ስታርፍ ተመልሶ እየተሰበሰበ ደሙን ወደፊት ይገፋል። ዕድሜ ሲገፋ ግድግዳው ፀሐይ ላይ እንደ ከረመ የውሃ ጎማ ይደርቃል። አይለጠጥም፤ ስለዚህ ላይኛው ቁጥር ይወጣል። አይሰበሰብም፤ ስለዚህ ታችኛው ይወርዳል። ከ50ዎቹ ወይም ከ60ዎቹ ዕድሜ ወዲህ ሁለቱ ቁጥሮች እየተራራቁ የሚሄዱት በዚህ ምክንያት ነው። «ታችኛው ጥሩ ነው፣ አያሳስብም» የሚለው የየሰፈሩ ማጽናኛ ለ30 ዓመት ጎልማሳ ቢሆን እንኳ አጠራጣሪ ነው፤ ለ70 ዓመት አዛውንት ግን ፈጽሞ አይሠራም። በዚያ ዕድሜ ስትሮክን የሚጠራው በዋናነት ላይኛው ነው። በአሜሪካዋ ፍራሚንግሃም ከተማ ለአሥርት ዓመታት በተካሄደው ዝነኛ ጥናት፣ 55 እና 65 ዓመት እስኪሆናቸው ግፊት ያልነካቸው ሰዎች እንኳ በቀሪ ዘመናቸው በግፊት የመያዝ ዕድላቸው 90 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል።

«እንግዲህ ሁሉንም የሚይዝ ከሆነ የእርጅና ጠባይ ነዋ፣ ምን ይደረጋል?» የሚል አይጠፋም። ሐኪሞችም ለረጅም ጊዜ የሚያስቡት እንደዚያ ነበር። ላይኛው ቁጥር መቶ ሲደመር ዕድሜ ነው የሚል ሒሳብ ነበራቸው። የ70 ዓመት ሰው 170 ቢሆን ደንብ ነው ማለት ነው። እንዲያውም የጠበቡት ቧንቧዎች ደም እንዲያልፍባቸው ግፊቱ ከፍ ማለት አለበት፣ ዝቅ ማድረግ ጉዳት ነው ብለው የሚያስተምሩ ነበሩ። ይህ አስተሳሰብ ምን እንዳስከፈለ ከአንድ ሰው ታሪክ በላይ የሚያሳይ የለም፤ ያ ሰው ደግሞ የእኛንም ታሪክ ይነካል።

የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በግብፅ ታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ በቆመችው ኩዊንሲ የተባለች የአሜሪካ የጦር መርከብ ተሳፍረው ከፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ጋር ተገናኙ። ሩዝቬልት ከያልታው ጉባኤ እየተመለሱ ነበር። በዚያ ሰሞን በተነሡ ፎቶግራፎች ላይ ከስተውና ገርጥተው ይታያሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ሊያውቁት የማይችሉት ነገር፣ አንድ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ሃዋርድ ብሩን የተባለ ወጣት የልብ ሐኪም ፕሬዚዳንቱን መርምሮ 186 በ108 ማግኘቱን ነው። ልባቸውም መድከም ጀምሮ ነበር። ሐኪሙ በእጁ የነበረው ዕረፍት ማዘዝ፣ ጨው መቀነስ፣ ሲጋራ ማሳነስ፣ ለልብ ድካሙ ዲጂታሊስና የማስታገሻ ክኒን ብቻ ነው። ከመራራ ሐይቁ ስብሰባ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 4 ቀን፣ ሩዝቬልት ማጅራታቸውን ክፉኛ እንዳመማቸው ተናግረው ራሳቸውን ሳቱ፤ ሲለኩ ላይኛው ከ300፣ ታችኛው ከ190 አልፎ ነበር። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በአንጎል ውስጥ ደም መፍሰስ አረፉ። ዕድሜያቸው 63 ነበር።

ክሎሮታያዛይድ የተባለው፣ በቀላሉ የሚዋጠውና ሰው የሚችለው የመጀመሪያ የግፊት ክኒን ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። የዚያው ቤተሰብ የሆነው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ዛሬ በየጤና ጣቢያው የሚታደል ርካሽ መድኃኒት ነው። በዘመኑ ከማንም በላይ ኃያል የነበረ ሰው ያላገኘውን እማማ በፌስታላቸው ይዘውት ነበር፤ አልወሰዱትም እንጂ።

የአዛውንቶችን ግፊት ማከም ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል የሚለው ክርክር ቀስ በቀስ የተዘጋው በትላልቅ ጥናቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ ይፋ የሆነ ጥናት 60 ዓመት ያለፋቸውና እንደ እማማ ላይኛው ብቻ ከፍ ያለባቸውን 4,736 ሰዎች ተከታትሎ፣ መድኃኒት የወሰዱት ዘንድ ስትሮክ በ36 በመቶ መቀነሱን አሳየ። «80 ዓመት ላለፈውስ?» የሚለው ጥያቄ እስከ 2008 ቆየ። በዚያ ዓመት በአውሮፓ፣ በቻይናና ቱኒዝያን ጨምሮ በሌሎች አገሮች በ3,845 ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናት ውጤት ወጣ። ሁሉም 80 የሞላቸውና ያለፋቸው ናቸው። ኢንዳፓማይድ የተባለ ክኒን፣ ካልበቃም ፔሪንዶፕሪል ተጨምሮ ተሰጣቸው፤ ግቡ 150 በ80 ነበር። የልብ ድካም በ64 በመቶ፣ በማንኛውም ምክንያት የሚደርስ ሞት በ21 በመቶ ቀነሰ። ጥቅሙ ግልጽ ስለሆነ ጥናቱ ከታሰበለት ጊዜ በፊት እንዲቆም ተደረገ። «አርጅቻለሁ፣ ከእንግዲህ መድኃኒት ምን ያደርግልኛል?» ለሚሉ አባት መልሱ እዚህ አለ።

ታዲያ ስንት ላይ ይድረስ? እዚህ ላይ አንድ ቁጥር ጠርቶ ለሁሉም ማደል ስሕተት ነው። በአብዛኛው ከ140 በታች ማድረስ ዝቅተኛው ግብ ነው። ጤነኛና ጠንካራ የሆነ፣ በእግሩ ገበያ ደርሶ የሚመለስ የ70 ዓመት ሰው መድኃኒቱ ከተስማማው 130ና ከዚያም በታች ቢደርስ ይጠቀማል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነው ትልቁ የአሜሪካ ጥናት ከ75 ዓመት በላይ ባሉትም ላይ ይህንኑ አሳይቷል። 88 ዓመት ሆኗቸው፣ አቅም ከድቷቸው፣ በሰው ድጋፍ የሚራመዱ፣ ስምንት ዓይነት ክኒን የሚውጡ እናት ግን ሌላ ናቸው። ለእሳቸው 145 ላይ ረግቶ፣ ሳይወድቁ መዋል ሊበልጥ ይችላል። ይህን የሚወስነው ሐኪሙ ከቤተሰቡና ከራሳቸው ጋር ተነጋግሮ ነው፤ የጎረቤት ቁጥር አይደለም።

ከመድኃኒቱ በፊት ግን ልኬቱ ይቅደም። እውነቱን ለመናገር በአገራችን ብዙ ሰው የሚለካው አለካክ ያሳዝናል። ደረጃ ወጥቶ ትንፋሹ ሳይመለስ፣ ቡና ጠጥቶ በመጣበት፣ የሹራቡ እጅጌ ላይ ማሰሪያው ተጠምጥሞበት፣ ክንዱ ተንጠልጥሎ፣ ስለ ኑሮ ውድነት እያወራ ይለካል፤ ከዚያ «ግፊት አለብዎት» ይባላል። ወይም በተቃራኒው። ክንድ ጭን ላይ ሲያርፍ ላይኛው ቁጥር በ4 ያህል፣ ወደ ታች ሲንጠለጠል ከ6 በላይ ከፍ ብሎ እንደሚነበብ ተለክቶ ተረጋግጧል። ሽንት መያዝ፣ እግር ማነባበር፣ ለወፍራም ክንድ ጠባብ ማሰሪያ ማሰር፣ ሁሉም ቁጥሩን ያሳድጋሉ። ሁለት ሦስቱ ሲደመሩ ጤነኛውን ሰው ሕመምተኛ ያደርጉታል። ስለዚህ ከመለካት በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡናም ሲጋራም የለም፤ ሽንት ቤት ይኬዳል፤ አምስት ደቂቃ ጀርባ ተደግፎ በዝምታ ይቀመጣል፤ ማሰሪያው ባዶ ክንድ ላይ፣ ክንዱ በልብ ትክክል። አንድ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ መድገም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ሁለቱንም ክንድ ለክቶ ከፍ ያለውን መያዝ።

ሐኪም ፊት ሲቀርብ ብቻ ግፊቱ የሚወጣ ሰውም አለ፤ ነጩ ጋዋን ያስጨንቀዋል። ለዚህ መፍትሔው ቤት ውስጥ ጠዋትና ማታ ለሳምንት ያህል ለክቶ በወረቀት ይዞ መሄድ ነው። መሣሪያ የሚገዛ ሰው የክንድ አንጓ ላይ የሚታሰረውን ትቶ ከክርን በላይ የሚታሰረውን ይግዛ፤ ገዝቶም አንድ ጊዜ ጤና ጣቢያ ወስዶ ከእነሱ ልኬት ጋር ያስተያየው።

አንድ ልኬት ግን ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ይዘለላል፤ ቆሞ መለካት። አረጋዊ ሰው ከተቀመጠበት ወይም ከተኛበት ሲነሣ ደም ወደ እግር ይወርዳል፤ ወጣት ሰውነት ወዲያው ያስተካክለዋል፣ ያረጀው ይዘገያል። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ላይኛው በ20 ወይም ታችኛው በ10 ከወረደ አደጋ አለ ማለት ነው። ሌሊት ለሽንት ብድግ ሲሉ መውደቅ፣ ቅዳሴ ላይ በመቋሚያ ተደግፈው ቆይተው ድንገት ዓይን መጨለም፣ ከዚያ የዳሌ ስብራት። በዚያ ዕድሜ የዳሌ ስብራት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። ቤተሰቡ ወዲያው የግፊቱን ክኒን ይወነጅልና ያስቆማል። አንዳንዴ ክኒኑ ጥፋተኛ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የውሃ ማነስ ነው፣ ወይም ለፕሮስቴት የሚወሰደው ታምሱሎሲን፣ ወይም የእንቅልፍ ክኒን፣ ወይም ሁሉም ተደምረው። ሐኪሙ ቆመው ቢለካቸው፣ የሚወስዱትን ሁሉ ቢያይ፣ መጠኑን ወይም ሰዓቱን ቢያስተካክል ስትሮኩም ስብራቱም ሊቀር ይችላል። እስከዚያው ሌሊት ሲነሡ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ እግርን ማወዛወዝ፣ ከዚያ የሆነ ነገር ይዞ መቆም፤ መንገዱ ላይ መብራት ማብራት።

እማማ 182ን ሲሰሙ «ታዲያ መርፌ ውጊኝና ቶሎ ይውረድልኝ» ብለው ነበር። ነርሷ እምቢ አለች፤ ልክም ነበረች። ደረት የማያመው፣ ትንፋሽ የማያጥረው፣ እጅ እግሩ ያልዛለ፣ ዓይኑ ያልፈዘዘ ሰው ግፊቱ ከፍ ስላለ ብቻ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲወርድ አይደረግም። ከፍ ባለ ግፊት የለመደ አንጎል ድንገት ሲወርድበት ደም ያንሰዋልና። ኒፊዲፒንን ምላስ ሥር እያፈረጡ ማድረግ የተተወውም በዚህ የተነሣ ነው። እማማ የታዘዘላቸው ያቆሙት ክኒን ዳግም እንዲጀመር፣ ኩላሊታቸውና ስኳራቸው እንዲታይ፣ በሁለት ሳምንት እንዲመለሱ ነው።

መድኃኒት የሚቋረጠው «ተሻለኝ» ተብሎ ብቻ አይደለም። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት ያመላልሳል፤ ስለዚህ ለቅሶ ሲኬድ፣ አውቶብስ ሲሳፈሩ ይዘለላል። ጠዋት ከመውሰድ ይልቅ ከመንገድ ሲመለሱ መውሰድ ይቻል እንደሆነ ጠይቆ መፍታት የሚቻል ነገር ነው። አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል፤ ሕመምተኛው «ኩላሊቴ ተበላሸ» ብሎ ይጥለዋል። እብጠቱ ግን ከኩላሊት ሳይሆን ከመድኃኒቱ ጠባይ ነው፤ መጠኑ ሲቀነስ ወይም ሲለወጥ ይጎድላል። ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ያመጣል፤ ጉንፋን መስሏቸው ወራት ሽሮፕ የሚጠጡ አሉ። ሎሳርታን ብዙውን ጊዜ ይህ ችግር የለበትም። አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ደግሞ ድንገት ከቆሙ ልብን ያናውጣሉ፤ እነሱ የሚቀነሱት ቀስ እየተባለ፣ በሐኪም ነው።

ማንም የማይጠረጥረው ጠላት ግን ለጉልበት ሕመም የሚገዛው ክኒን ነው። ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ግፊት ያወጣሉ፣ የግፊት መድኃኒትን ኃይል ያዳክማሉ፣ ከሚያሸናውና ከኢናላፕሪል ጋር ሲገናኙ ደግሞ የአዛውንትን ኩላሊት ክፉኛ ይጎዳሉ። ያለ ማዘዣ ስለሚሸጡ በካርድ ላይ አይመዘገቡም፤ ሐኪሙም ካልጠየቀ አያውቅም። መድኃኒት እየወሰደ ግፊቱ አልወርድ ያለ አዛውንት ሲገጥመኝ በመጀመሪያ የምጠይቀው ስለዚህ ነው፤ ሐኪም ባልሆንም።

ከውጭ አገር የሚላከውም የራሱ ጣጣ አለው። ዳላስ ወይም ዋሽንግተን ያለ ልጅ ለእናቱ ሊሲኖፕሪል ይልካል፤ እናት ደግሞ ከጤና ጣቢያ የተሰጣትን ኢናላፕሪል ትወስዳለች። ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ መድኃኒቶች ናቸው፤ አብሮ መውሰድ መጠኑን እጥፍ ማድረግ ነው። ኖርቫስክና አምሎዲፒንማ ስማቸው ብቻ ነው የሚለያየው። ልጁ በፍቅር የላከው ነው፤ ግን ጎበዝ ልጅ ከመላኩ በፊት ካርዱን በስልክ ፎቶ አስነሥቶ ያያል።

አሁን ወደ ማድቤት። ከላይ የጠቀስኩት አገር አቀፍ ጥናት ኢትዮጵያዊ በቀን በአማካይ 8.3 ግራም ጨው እንደሚበላ አግኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ አብዛኛው ጨው የሚመጣው ፋብሪካ ካመረተው ምግብ ስለሆነ ሰው ማሸጊያ ላይ እያነበበ ይሸሻል። እኛ ዘንድ በአብዛኛው የሚመጣው ከድስቱ ነው። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፣ ሽሮውም ሲፈጭ ገብቶበታል፣ ወጡ ሲወጣ እንደገና ይነሰነሳል፣ አዋዜውና ሚጥሚጣው ከጎን ይቀርባል፤ በአንዳንድ ገጠር ቡናውም በጨው ነው። ዛሬ ደግሞ የወጥ ማጣፈጫ ኩቡ ተጨምሯል። ይህ በአንድ በኩል መልካም ዜና ነው፤ ጨውን የምትቆጣጠረው ፋብሪካው ሳይሆን ድስቱን የምታማስለው እናት ናት። በርበሬና ሽሮ ያለ ጨው ይዘጋጅ፣ ጨው የሚገባው አንድ ጊዜ፣ መጨረሻ ላይ ይሁን። ለአባባ ብቻ ለይቶ «አልጫ ያለ ጨው» ማቅረብ ግን ብዙም አያዛልቅም፤ ብቻቸውን የተቀጡ ይመስላቸዋል። ቤተሰቡ በሙሉ ቀስ በቀስ ቢቀንስ ምላስ በጥቂት ሳምንታት ይለምዳል።

የጨው ነገር ምን ያህል እንደሚያመጣ ቻይና ውስጥ ታይቷል። በ600 መንደሮች 20,995 ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆነው ጥናት፣ ግማሾቹ መንደሮች ከተለመደው ጨው ሩቡ በፖታስየም ጨው የተተካበትን እንዲጠቀሙ አደረገ፤ ስትሮክ በ14 በመቶ ቀነሰ። ይህን ዓይነት ጨው ያገኘ ሰው ኩላሊቱ የታመመ ከሆነ ወይም እንደ ኢናላፕሪል፣ ሎሳርታንና ስፓይሮኖላክቶን ያሉትን የሚወስድ ከሆነ ሳያማክር አይጀምር፤ ፖታስየም በደም ውስጥ ሲበዛ ልብ ያቆማል።

ነጭ ሽንኩርቱም ሽፈራውም ከምግብ ጋር ይበላ፤ ክኒኑን ግን አይተኩም። ጫት ግፊትና የልብ ምት ይጨምራል። አረቄም ሲበዛ ያው ነው። አብዛኛውን ቀን ግማሽ ሰዓት በእግር መሄድ ከነጭ ሽንኩርቱም ከሽፈራውም የተሻለ መረጃ ያለው ነገር ነው።

ጾም ሲመጣ ጥያቄው ይበዛል። የሁዳዴ ምግብ ቅባቱ ያነሰ፣ ጥራጥሬና ጎመን የበዛበት ስለሆነ በራሱ ለግፊት ክፉ አይደለም። ችግሩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውሃ መቆየቱ፣ የሚያሸናው ክኒን በዚያ ላይ ሲጨመር፣ ወይም ክኒኑ ከነጭራሹ ለ55 ቀን ሲተው ነው። ለረመዳንም እንዲሁ። አብዛኞቹ የግፊት ክኒኖች በቀን አንድ ጊዜ ስለሚወሰዱ ሰዓቱን ከጾም መፍቻው ወይም ከሱሁሩ ጋር ማስማማት ይቻላል፤ ጾሙ ሳይገባ ሐኪምን መጠየቅ ብቻ ነው የሚፈልገው። በጾሙ ረገድ ደግሞ የንስሐ አባት አሉ፤ ለሕመምተኛ ማዘን የቤተ ክርስቲያንም ሥርዓት ነው። ጸበል የሚሄዱም ክኒናቸውን ይዘው ይሂዱ። ለኤችአይቪ መድኃኒት ይህ ጥያቄ በተነሣ ጊዜ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው እንዲወሰዱ በይፋ መክረው ነበር፤ ለግፊት የሚለይበት ምክንያት አይታየኝም።

ጥፋቱን ሁሉ በሕመምተኛው ላይ መጫንም ፍርደ ገምድልነት ነው። መድኃኒቱ ከጤና ጣቢያው ሲጠፋ ከውጭ ግዙ ይባላል፤ ጡረታ ለማይበቃው ሰው ያ ማለት መዝለል ማለት ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆኑ ቤተሰቦች ቢያንስ የምርመራውና በተቋሙ ያለው መድኃኒት ወጪ ይቀልላቸዋል፤ አባልነታቸውን በየዓመቱ ማደስ አይርሱ። የሚሰጠው መድኃኒት የአንድ ወር ብቻ መሆኑም ለሩቅ ሰፈር አዛውንት ሸክም ነው፤ ግፊታቸው ለረጋ ሕመምተኞች የሁለትና የሦስት ወር የሚሰጡ ተቋማት ያደረጉት ነገር ሌላውም ሊያደርገው የሚችል ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም አንድ ቀን የአባት ወይም የእናት ፊት በአንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ፣ ተጨማሪ ክኒን አታውጧቸው፤ ውሃም ምግብም በአፋቸው አታድርጉ። የጀመረበትን ሰዓት ያዙ፣ በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሩ ወይም ባገኛችሁት መኪና ወደ ሆስፒታል ውሰዷቸው። እስኪነጋ አትጠብቁ።

ወላጆቻችሁ 60 ዓመት ካለፋቸውና ግፊታቸው ስንት እንደሆነ የማታውቁ ከሆነ በዚህ ሳምንት አስለኩላቸው። ክትትል ያላቸው ከሆኑ ለሚቀጥለው ቀጠሮ ከየትም የተገዛውን፣ የጉልበቱንም፣ ከውጭ የተላከውንም መድኃኒት ሁሉ ይዘው ይሂዱ፤ ቆመውም እንዲለኩ ጠይቁላቸው። ክኒኑ ሊያልቅ ሲል የቀጠሮው ቀን እስኪደርስ አትጠብቁ፤ ሳያልቅ ሂዱና አምጡ።